ከደመናው በላይና በታች፦ የካናሪ ደሴቶችን በተመለከተ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ስለ ካናሪ ደሴቶች ደጋግመው ይጽፉልናል። ደሴቶቹ በአስተዳደር የስፔን ይሁኑ እንጂ የሚገኙት ከአፍሪካ ጎን ነው፤ ፉኤርቴቬንቱራ ከሞሮኮ ደቡባዊ ጠረፍ የምትርቀው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰው የሚኖርባቸው ስምንት ናቸው፦ ቴነሪፌ፣ ግራን ካናሪያ፣ ላንዛሮቴ፣ ፉኤርቴቬንቱራ፣ ላ ፓልማ፣ ላ ጎሜራ፣ ኤል ኢዬሮ እና ትንሿ ላ ግራሲዮሳ። ሁሉም በእሳተ ገሞራ ከውቅያኖስ ወለል የተነሡ ተራሮች ናቸው። ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ሌሎችንም ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ (ከሽቱትጋርት)፦ በፈረንጆች ገና ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ቴነሪፌ ልንሄድ አስበናል። አንዷ ጓደኛዬ «ሳምንቱን ሙሉ ደመና ነበር፣ ሹራብ አላወለቅንም» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ በዚያው ሳምንት እዚያችው ደሴት ላይ ነበረች፤ ልጆቿ ግን ፀሐይ ቆዳቸውን እስኪልጠው ሲዋኙ ነው የከረሙት። የትኛዋን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ። የመጀመሪያዋ ያረፈችው በሰሜን፣ ምናልባት ፑዌርቶ ዴ ላ ክሩዝ አካባቢ ይሆናል፤ ሁለተኛዋ ደግሞ በደቡብ፣ ሎስ ክሪስቲያኖስ ወይም ኮስታ አዴሄ። በመካከላቸው 3,715 ሜትር ከፍታ ያለው ቴይዴ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው የንግድ ነፋስ ቀዝቀዝ ባለው ባሕር ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይሸከማል። ከተራራው ሰሜናዊ ገጽ ጋር ሲጋጭ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ነገር ግን እስከ ጫፍ አይወጣም። 1,500 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ከላይ ሞቃትና ደረቅ አየር እንደ አክንባሎ ተከድኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ደመናው በአብዛኛው ከ600 እስከ 1,500 ሜትር ባለው ወገብ ላይ ይተኛል። ተራራውን አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደው አየር እርጥበቱን ጨርሶ፣ እየሞቀ ነው የሚወርደው፤ ደቡቡ ፀሐያማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አገር ቤት የለመድነው ስሌት ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ስንል ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱም ዝናቡም ይጨምራል ብለን ነው። ካናሪ ላይ ብርዱ ይጨምራል፤ እርጥበቱ ግን ከደመናው ወገብ በላይ ይቋረጣል። 2,000 ሜትር ላይ ያለው ምድር ደረቅ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩም የሚፋጅ። ካናሪ ላይ ቦታ ስትመርጡ «የትኛዋ ደሴት?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ሜትር ላይ? ከነፋሱ ፊት ወይስ ከኋላው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ በታኅሣሥ ከሄዳችሁ ማደሪያችሁን በደቡብ አድርጉ፤ ሰሜኑን በቀን ሄዳችሁ እዩት። በነሐሴ ሙቀት የሚያማርራችሁ ከሆነ ደግሞ ሰሜኑ ይሻላችኋል። በሰሜን አድራችሁ ጠዋት ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ካገኛችሁት ሆቴል ውስጥ አትቀመጡ፤ ከላ ኦሮታቫ በቲኤፍ-21 መንገድ ወደ ላይ ንዱ። መጀመሪያ ጉም ውስጥ ትገባላችሁ፣ ዋናው መብራት ይብራ፣ ፍጥነት ይቀንስ። ጥዱ ደን ውስጥ ትንሽ እንደሄዳችሁ በድንገት ከደመናው በላይ ትወጣላችሁ። ወፍራም ጃኬት ግን መኪና ውስጥ ይኑር፤ ባሕሩ ዳር በቲሸርት የምትሄዱበት ቀን ላይኛው አምባ ዜሮ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በረዶ ከጣለ መንገዱ ይዘጋል።

የአውሮፕላን ቲኬት ስትቆርጡም ይህንኑ አስቡ። ቴነሪፌ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች አሏት። የሰሜኑ፣ ሎስ ሮዴዎስ፣ 633 ሜትር ላይ ነው የተሠራው፤ ልክ ደመናው የሚተኛበት ከፍታ ማለት ነው። መጋቢት 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ያለቁት እዚያ ነው። የደቡቡ ማረፊያ በማግሥቱ ዓመት ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ማደሪያችሁ ደቡብ ሆኖ ሰሜን ካረፋችሁ ግን ከአንድ ሰዓት ያላነሰ መንገድ ይጠብቃችኋል።

ሥርዓቱን የሚያፈርሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ካሊማ» የሚሉት ከሰሃራ አቧራ ይዞ የሚመጣ ነፋስ ነው። ያን ጊዜ ከፍታው ከባሕሩ ዳር ይልቅ ይሞቃል፣ አየሩ ቡናማ ይሆናል፤ በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. አውሮፕላን ማረፊያዎችን እስከ መዝጋት ደርሷል። አስም ያለበት ሰው መስኮት ዘግቶ ቤት ቢውል ይሻለዋል። ሁለተኛው የፈረንጆች ክረምት ማዕበል ነው። ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ ደረቁ ደቡብም ይዘንብበታል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሆነው የሸለቆ ወለል በደቂቃዎች ውስጥ ጎርፍ ስለሚሞላ መኪና እዚያ አታቁሙ።

ጥያቄ (ከኮሎኝ)፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ከአዲስ አበባ ባለፈው ሳምንት መጥታልኛለች። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ቴይዴ ላይ በኬብል ካር ብንወጣ ይጎዳታል ወይ?

መልስ፦ የኬብል ካሩ መነሻ ጣቢያ 2,356 ሜትር ላይ ነው። ይህ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። እናትዎ እዚያ ሲደርሱ ሰፈራቸው የደረሱ ያህል ነው፤ ይልቅ ኮሎኝ የከረሙት እርስዎ ነዎት የሚያለከልኩት። ሰውነት ከፍታ መልመዱን የሚረሳው በሳምንታት ውስጥ ስለሆነ ደጋ ተወልዶ ማደግ ብቻውን አይረዳም።

ልብ መባል ያለበት ቀጥሎ ያለው ነው። ኬብል ካሩ በ8 ደቂቃ ገደማ 3,555 ሜትር ላይ ያደርሳል። ይህ አገር ቤት በሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ከሚባለው የካምፕ ቦታ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህላል። ጨነቅ በእግር ወይም በመኪና ቀስ ተብሎ ነው የሚደረሰው፤ ቴይዴ ላይ ግን ጠዋት በባሕሩ ጠረፍ ቁርስ የበላ ሰው ረፋድ ላይ ጫፍ ሊገኝ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ የሚያመጣው ይህ ጥድፊያ ነው።

ኬብል ካሩ ለልብ ሕመምተኞች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለጨቅላ ሕፃናት አይመከርም። የእናትዎ ግፊት በመድኃኒት የተረጋጋ ከሆነ ሐኪማቸውን «3,555 ሜትር» ብለው ቁጥሩን በትክክል ነግረው ያማክሩ፤ «ትንሽ ተራራ ነው» ከተባለ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው። ከተፈቀደላቸው መነሻ ጣቢያው ላይ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆዩ፣ ውሃ ይጠጡ። ላይ ሲደርሱ እርምጃ ዝግ ይበል። ምልክቱ ከጀመረ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «ትንሽ ልቀመጥና ይለፍልኝ» አያዋጣም።

ካልተፈቀደላቸውም የሚቀርባቸው ጥቂት ነው። ከጣቢያው አቅራቢያ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ሮኬስ ዴ ጋርሲያ የሚባሉ ቋጥኞች አሉ። ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ሄዶ ቴይዴን ሙሉ በሙሉ ማየት ይቻላል፤ እንዲያውም ከጫፉ ይልቅ ተራራው የሚያምረው ከዚያ ነው።

ቲኬቱን አስቀድመው በኢንተርኔት ይግዙ፤ በቆይታዎ የመጀመሪያ ቀናትም ያድርጉት። ነፋስ ሲበረታ ኬብል ካሩ ይቆማልና ለሌላ ቀን መቀየሪያ ይኖርዎታል። ከላይኛው ጣቢያ እስከ ጫፉ የቀረችው 160 ሜትር ከፍታ ግን በቲኬቱ ውስጥ የለችም፤ ለብቻው የብሔራዊ ፓርኩ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ፈቃዱ በስምና በመታወቂያ ቁጥር ስለሚሰጥ የተመዘገበበትን ፓስፖርት ወይም መታወቂያ በአካል መያዝ ግድ ነው። ቀኖቹ ቀድመው ስለሚያልቁ የአውሮፕላን ቲኬት በቆረጡ ዕለት ቢጠይቁ ይሻላል። ድንጋይ ማንሣት ክልክል ነው።

ጥያቄ (ከሙኒክ)፦ እኔ ሰማያዊ የስደተኛ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። እህቴ ዱልዱንግ (ከጀርመን መባረርን ለጊዜው የሚያቆይ ወረቀት) ላይ ናት። አብረን መሄድ እንችላለን?

መልስ፦ እርስዎ ይችላሉ። ካናሪ የሼንገን ክልል ነው፤ በጸና የመኖሪያ ፈቃድና የጉዞ ሰነድ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይቻላል። ሁለቱንም በዋናው ይያዙ። እህትዎ ግን መሄድ የለባቸውም። ዱልዱንግ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ከጀርመን ሲወጡ ይሰረዛል። በሼንገን ውስጥ በረራ ፓስፖርት ብዙ ጊዜ አይታይም ብሎ የሚያበረታታ ሰው አይጠፋም፤ ድንገተኛ ፍተሻ ሲመጣ ግን መዘዙን የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው። የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋቸውም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው የሼንገን ቪዛ ይጠይቃል፤ ለካናሪ ለብቻው የሚወጣ ቪዛ የለም።

ጥያቄ (ከሮም)፦ ቴነሪፌን ካሁን ቀደም አይተናል። ተራራ እንወዳለን፣ ጠመዝማዛ መንገድ አንፈራም። አንድ ሳምንት ቢኖረን የትኛዋን ትመርጡልናላችሁ?

መልስ፦ ያለ ማመንታት ላ ፓልማን። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ 2,426 ሜትር ላይ ሮኬ ዴ ሎስ ሙቻቾስ መድረስ ይቻላል፤ በመንገድ ላይ ሙዝ፣ ከዚያ የሎረል ደን፣ ከዚያ ጥድ፣ በመጨረሻም ባዶ አለት ታያላችሁ። ጫፉ ላይ የሥነ ፈለክ ምርምር ጣቢያ አለ፤ ዋናው ቴሌስኮፕ 10.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ተገጥሞለታል። ቦታው የተመረጠው ደመናው ከበታች ስለሚቀር ነው። የሌሊቱን ሰማይ ለመጠበቅ በ1988 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጥቶ የመንገድ መብራት ሳይቀር ተገድቧል፤ ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት ብትሄዱ ኮከቡን ታዩታላችሁ።

ከጫፉ ሥር ካልዴራ ዴ ታቡሪየንቴ የሚባለው ግዙፍ ጎድጓዳ ይታያል። ወደ ውስጥ ለመግባት የተለመደው መንገድ ከታች መኪና አቁሞ፣ በታክሲ ሎስ ብሬሲቶስ ድረስ ወጥቶ፣ ከዚያ በእግር መውረድ ነው፤ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። መጨረሻው በወንዝ ወለል ስለሆነ ዝናብ ከተተነበየ ይቅርባችሁ፤ ውሃው የሚመጣው እናንተ ያላያችሁት ላይኛው ተራራ ላይ ከዘነበው ነው። ለመራመድ የማይፈልግ ሰው ላ ኩምብሬሲታ ከሚባለው መመልከቻ ቦታ ማየት ይችላል፤ የመኪና ማቆሚያው ግን ቀድሞ ይያዛል።

በምዕራብ በኩል ታሆጋይቴ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። መስከረም 19 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ ለ85 ቀናት ፈሰሰ፤ ከ1,200 ሄክታር በላይ መሬት ከነቤቱና ከነሙዝ እርሻው ቀብሯል። ላቫው ላይ የተሠራውን መንገድ ስታልፉ ከታች ሰፈር እንደነበረ አትርሱ፤ ነዋሪዎቹ አሁንም አሉ፣ በፍርስራሹ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሣት ያስከፋቸዋል። «ጋዝ» የሚል ምልክት ያለበትን አጥር አትለፉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ሽታ ሳይኖረው በዝቅተኛ ቦታና በምድር ቤት ይጠራቀማል።

ሁለተኛ ምርጫችን ላ ጎሜራ ናት። ከሎስ ክሪስቲያኖስ በመርከብ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጋራሆናይ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የሎረል ደን በ1986 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ሰሜን ወይም ባሌ ተራሮችን ያየ ሰው እዚያ አንድ ዘመድ ያገኛል፦ አስታ። ያው ዝርያ ነው፤ ሽበታማ ሙጃ የተንጠለጠለበት፣ ግንዱ የተጣመመ። ዝቅ ሲሉ ደግሞ በደረቁ ቁልቁለት ላይ የእኛን ቁልቋል የሚመስል ባለ ብዙ ክንድ ተክል ይበቅላል። ወተቱ እንደ እኛው መርዝ ስለሆነ ልጆች አይንኩት፤ ዓይን ከነካ ብዙ ውሃ አፍስሶ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው።

ላንዛሮቴ 671 ሜትር ብቻ ስለሆነች ደመናውን አትይዘውም፤ በረሃ ናት። ለተራራ ወዳጅ አንመክራትም ነበር፤ ላ ሄሪያ የሚባለው የወይን እርሻ ባይኖር። ከ1730 እስከ 1736 እ.ኤ.አ. የፈነዳው እሳተ ገሞራ የእርሻ መሬቱን በጥቁር ጠጠር ሸፈነው። ገበሬዎቹ ጠጠሩን እየቆፈሩ ከሥሩ ያለውን አፈር አገኙ። አንዱን ጉድጓድ ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ከወገብ በላይ የሚጠልቅ፣ ጎኖቹ ያዘነበሉ፣ ከታች አንድ የወይን ተክል ብቻ፣ ከአፉ ላይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል በግማሽ ክብ የተካበ የድንጋይ ግንብ። ጠጠሩ የሌሊቱን እርጥበት ይቀበላል፣ ቀን ደግሞ አፈሩ እንዳይደርቅ ይሸፍናል። ጉድጓዱ ውስጥ መውረድ ጠጠሩን ስለሚንደው ከመንገዱ ሆናችሁ ተመልከቱ።

ፉኤርቴቬንቱራ ለአሸዋና ለነፋስ ናት፤ እናንተን አትመለከትም።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ የምንሄደው በፍልሰታ ነው። የጾም ምግብ እናገኛለን ወይስ ሽሮ ተሸክመን እንሂድ?

መልስ፦ ሽሮው አይጎዳም፤ ግን ዋናው ምግባቸው ራሱ ጾም ነው። «ፓፓስ አሩጋዳስ» ትንንሽ ድንች ከነልጣጩ በብዙ ጨው የተቀቀለ ነው። ኩሽና ያለው ቤት ከተከራያችሁ እናንተም ትሠሩታላችሁ። ለ1 ኪሎ ድንች ውሃው ለጥቂት እስኪሸፍነው፣ ጨው ከ200 እስከ 250 ግራም፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቀቀል። ከዚያ ውሃው ይደፋና ድስቱ በለስላሳ እሳት ተመልሶ እየተነቀነቀ ይድረቅ፤ ልጣጩ ተጨማዶ ነጭ ጨው ሲለብስ ደርሷል። ድንቹ ትልቅ ከሆነ ልጣጩ አይጨማደድም፣ ከተላጠ ደግሞ ጨው ይመጥና አይበላም። አብሮት የሚቀርበው «ሞሆ» የሚባል ማባያ ነው። አረንጓዴው የድንብላል ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ የወይራ ዘይትና ኮምጣጤ ነው፤ ቀዩ በደረቅ በርበሬ ይሠራል። ለእኛ አፍ እንግዳ አይደለም።

ከዚያ «ጎፊዮ» አለ። እህሉ ተቆልቶ ይፈጫል፣ ሳይበሰል በውሃ ተለውሶ ይበላል፤ በሶ ማለት ነው። ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት ነዋሪዎች ከገብስ ነበር የሚያዘጋጁት። ዛሬ በየሱቁ በከረጢት ይሸጣል፦ «ሴባዳ» የሚለው ገብስ፣ «ትሪጎ» ስንዴ፣ «ሚዮ» በቆሎ ነው። በውሃ፣ በትንሽ ጨውና በማር ለውሳችሁ ጭብጦ ብታደርጉት ለእግር መንገድ ስንቅ ይሆናል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ከስሙ የማይታወቀውን ነው። «ፖታሄ» የሚባለው የአትክልት ወጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ አጥንት ይገባበታል። «ኤስካልዶን» ጎፊዮ በዓሣ ወይም በሥጋ መረቅ የተገነፋ ነው። የላ ጎሜራው «አልሞግሮቴ» ሞሆ ቢመስልም አይብ ነው። ኬክና ብስኩት ላይ «ማንቴካ» የሚል ካያችሁ የአሳማ ስብ ነው። «ቬጀታሪያን ነኝ» ማለት አይብና እንቁላል አያስቀርም፤ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኡኤቮ» በሉ፦ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል።

ጥያቄ (ከጎተንበርግ)፦ ድንጋይ ውስጥ ያሉት የባሕር ገንዳዎች ፎቶ ላይ ጸጥ ያሉ ናቸው። ለልጆች ይሆናሉ?

መልስ፦ ፎቶው የተነሣው ባሕሩ በተኛበት ቀን ነው። በሰሜን ጠረፍ ያሉት ገንዳዎች ማዕበል ሲነሣ ሰው ጠርገው ይወስዳሉ። ትልቁ ሞገድ በየደቂቃው አይመጣም፤ ከረጅም ጸጥታ በኋላ ሦስት አራት ሆኖ በተከታታይ ይደርሳል። ከመግባታችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ቆማችሁ እዩ፤ ከዳር ያለው አለት ደረቅ መስሎ ድንገት ውሃ ካለፈበት አትግቡ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ መዋኘት ክልክል ነው። ለትንንሽ ልጆች ነፍስ አድን ያለባቸውንና ሞገድ መስበሪያ የተሠራላቸውን ምረጡ፤ ለምሳሌ ሳንታ ክሩዝ አጠገብ ላስ ቴሬሲታስ፣ አሸዋዋም ከሰሃራ ተጭኖ የመጣ ነው። የአደጋ ስልክ 112።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ የጂኦግራፊ መምህር)፦ ካናሪ ላይ ከጉም ውሃ ይቀዳል ሲባል ሰማሁ። ተማሪዎቼ ጋር ልንሞክረው እንችላለን?

መልስ፦ ይቻላል። ኤል ኢዬሮ ላይ የጥንት ነዋሪዎቹ ጋሮዔ ከሚባል አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው፣ ቅጠሉ ከጉም የሚያንጠባጥበውን ውሃ ይጠጡ ነበር። ዛፉን በ1610 እ.ኤ.አ. አውሎ ነፋስ ጣለው። የካናሪ ጥድም ያንኑ ይሠራል፤ ሦስት ሦስት ሆነው የሚወጡት ረጃጅም ቅጠሎቹ ጠብታውን አበጥረው ይይዙታል።

ለሙከራው 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ፍሬም ይሥሩ። ችግኝ ጣቢያ የሚጠቀሙበትን የጥላ መረብ፣ ሳሳ ያለውን፣ በሁለት ድርብ ወጥረው ይሰሩበት። የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ይበል፣ ከሥሩ ያዘነበለ ቦይ፣ ከቦዩ ጫፍ ቱቦና ክዳን ያለው ጀሪካን። መረቡ ጉሙን ለሚነዳው ነፋስ ፊቱን መስጠት አለበት፤ ጎኑን ከሰጠ ምንም አይዝም። ሸለቆ ውስጥ አይትከሉት፤ ነፋስ የሚያልፍበት የተራራ አንገት ወይም የገደል ጫፍ ይምረጡ።

ውጤቱን የሚያበላሹት እነዚህ ናቸው። መረቡ ከላላ ጠብታው ወደ ቦዩ ሳይደርስ በነፋስ ይበተናል። ቦዩ አቧራ ከያዘ ይደፈናል። ከሁሉም በላይ ዝናቡ ከጉሙ ጋር ይደባለቃል፤ ስለዚህ አጠገቡ የዝናብ መለኪያ ያቁሙና የዘነበበትን ቀን ለይተው ይመዝግቡ። ልኬቱ ዘወትር ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰድ፣ በሊትር ይጻፍ። ጉም ኖሮ ነፋስ የሌለበት ቀን ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ተማሪዎቹ ምክንያቱን ራሳቸው ያገኙታል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እኔ በፈጠርኳቸው ተራራማ ደሴቶች ላይ ነው። ካርታ ሥያለሁ፤ ትልቅ ወንዝ፣ በየተራራው ጫፍ ሐይቅ፣ በሁሉም ደሴት ደን አለ። ጓደኞቼ «አያሳምንም» ይሉኛል። ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ካርታው ጥግ ላይ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ቀስት ይሥሩ። ብዙው ነገር ከዚያ ቀስት ይወጣል። ደኑ ነፋሱ በሚመታው ገጽ ላይ፣ በደመናው ወገብ ብቻ ይሁን፤ ተቃራኒው ገጽ ቁልቋልና ድንጋይ። ዝቅተኛዋ ደሴት ደን አይኑራት፤ ደመናው በላይዋ ያልፋል።

ቀጥሎ ዕድሜ ይስጧቸው። ካናሪ ላይ ቅልጥ አለቱ የሚወጣበት ምንጭ ባለበት ሲቆይ የአፍሪካ ፕሌት (አህጉሩን የተሸከመው የምድር ቅርፊት) በላዩ ወደ ምሥራቅ ተንሸራቷል። ስለዚህ በምሥራቅ ያለችው ፉኤርቴቬንቱራ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላት፤ ተሸርሽራ ዝቅ ብላለች፣ አሸዋዋ ብዙ ነው። በምዕራብ ጫፍ ያለችው ኤል ኢዬሮ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት፤ ቀጥ ያለ ገደል እንጂ የአሸዋ ዳርቻ እምብዛም የላትም። በእርስዎም ደሴቶች ወጣቷ ረጅምና ሸካራ፣ አሮጊቷ ዝቅተኛና ለስላሳ ይሁኑ። እሳተ ገሞራው ሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ አይፍላ።

ትልቁን ወንዝ ያጥፉት። እንዲህ ያለ ደሴት ወንዙ ገና ሳያድግ ባሕር ይደርሳል፤ ያለው ከጫፉ ወደ ዙሪያው የሚወርድ ደረቅ ሸለቆ ነው። ሐይቆቹንም ያንሡ። ዝቋላን አይተው ይሆናል የሣሏቸው፤ ወጣት ላቫ ግን ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ውሃ ያሰርጋል። ውሃው ያለው በተራራው ሆድ ውስጥ ነው። ቴነሪፌ ላይ ሰዎች አግድም ወደ ተራራው የቆፈሯቸው የውሃ ዋሻዎች ርዝመታቸው ሲደመር ከ1,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለልብ ወለድ ይህ ከወንዝ ይልቅ ይጠቅማል፤ ዋሻው የማን ነው፣ ውሃው ለማን ይከፈታል የሚለው ራሱ ጠብ ነው።

ዋና ከተማዎ ባሕር ዳር ላይሆን ይችላል። የቴነሪፌ ጥንታዊ ዋና ከተማ ላ ላጉና 550 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳ ላይ ነው የተቆረቆረው፣ ከባሕር ወንበዴ ራቅ ብሎ፤ ወደቡ ሳንታ ክሩዝ ከታች ነበር። በሁለቱ መካከል የሚወጣና የሚወርድ የጭነት እንስሳ፣ ቀረጥ፣ ወሬ ይኖራል።

በመጨረሻ ርቀቱን ያስተካክሉ። ሁለት መንደሮች ካርታ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ላ ጎሜራ ላይ ሰዎች በፉጨት የሚነጋገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ጣት አፍ ውስጥ አስገብተው የስፔንኛውን ቃል በፉጨት ያወጡታል፣ ከሸለቆ ማዶ ይሰማል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ በትምህርት ቤትም ይሰጣል። ግን ፉጨት ምስጢር አይጠብቅም፤ ሸለቆው ውስጥ ያለ ሁሉ ይሰማዋል። ገጸ ባሕርይዎ ምስጢር የሚልክ ከሆነ በእግሩ ይሂድ፤ በመኪናም ዘመን ቢሆን በእንዲህ ያለ መንገድ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ይንዳ።